የአንግሊካን ወንጌላውያን የማንን ዓለም ነው የሚሰሙት?

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ዜና ተሰማ። ኦክቶበር 3 ቀን 2025 ሳራ ሙላሊ 106ኛዋ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ፣ ማለትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መሪ፣ እንደሚሆኑ ተነገረ። ከ1,400 ዓመት በላይ በቆየው መንበር ላይ ሴት ስትሰየም የመጀመሪያው ነው። ሙላሊ ድሮ ነርስ ነበሩ፤ የእንግሊዝ የነርሶች ዋና ኃላፊ እስከመሆን ደርሰዋል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የለንደን ጳጳስ ነበሩ። ከዚያ ኦክቶበር 16 ላይ የሩዋንዳው ሊቀ ጳጳስ ሎረን ምባንዳ ጋፍኮን በሚባለው የወግ አጥባቂ አንግሊካኖች ስብስብ ስም መግለጫ አወጡ። ባጭሩ ሲተረጎም፣ ካንተርበሪን እንደ መሃል አንቆጥርም፤ የአንግሊካን ኅብረት ማለት እኛ ነን የሚል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ብዙ ሰው ነገሩን «በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ተጣሉ» ብሎ ያልፈዋል። ጠቡ የፈነዳው በእሱ ነው፣ ልክ ነው። ግን ሥሩ ሌላ ቦታ ይመስለኛል። በዚህ ጠብ ውስጥ ድምፃቸው ጎልቶ የሚሰማው ሰዎች፣ ለንደንም ይኑሩ ኪጋሊ፣ ራሳቸውን ወንጌላውያን የሚሉ ናቸው። ከአንድ አስተማሪ፣ ከጆን ስቶት፣ የተማሩም ብዙ ናቸው።

አንግሊካን ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው ተብዬ ስጠየቅ መልሱ ትንሽ ያንተባትበኛል። ጳጳስ አላቸው። የጸሎት መጽሐፍ አላቸው። ቄሱ ብዙ ቦታ ልብሰ ተክህኖ ይለብሳል። ይህን ያየ ሰው ወደ ኦርቶዶክስ ይጠጋሉ ይላል። የእምነት አንቀጾቻቸውን ያነበበ ደግሞ ከተሐድሶ የወጡ ፕሮቴስታንቶች መሆናቸውን ያያል። ቤቱ ትልቅ ነው፤ ወንጌላውያኑ አንዱን ክፍል ነው የያዙት። መጽሐፍ ቅዱስ የመጨረሻው ዳኛ ነው፣ የሁሉ ነገር መሃል መስቀሉ ነው፣ ሰው በግሉ ንስሐ ገብቶ ማመን አለበት፣ ያመነም ለሌላው ይናገር ይላሉ። እኛ አገር ጴንጤ የምንለው ሰው ይህን ሲሰማ «ይሄማ እኔ ነኝ» ይላል። እነሱ ግን ይህን የሚሉት፣ ቢያንስ እንግሊዝ ውስጥ፣ ንጉሡ የበላይ ገዥ በሆነበት የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነው ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ፈጽሞ ባዕድ አይደሉም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ዳር ክላፋም በሚባል ሰፈር የሚሰባሰቡ የአንግሊካን ወንጌላውያን ነበሩ። የባሪያ ንግድ በ1807 በሕግ እንዲከለከል የታገለው ዊልያም ዊልበርፎርስ ከነሱ ነው። እነዚሁ ሰዎች ናቸው በ1799 ሲኤምኤስ የተባለውን የሚስዮን ማኅበር ያቋቋሙት። የማኅበሩ ሰው ቄስ ዊልያም ጆወት በ1820 ግብፅ ላይ አንድ ትልቅ የእጅ ጽሑፍ ገዛ። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አቡ ሩሚ ዓመታት ፈጅቶ ወደ አማርኛ የመለሰው መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። አዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። ሳሙኤል ጎባት የተባለው ስዊዘርላንዳዊም በዚሁ ማኅበር ተልኮ በ1830 ኢትዮጵያ ገባ፤ በኋላ በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆነ። ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያቀለጡት እሱ የላካቸው የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን ናቸው። ወንጌል ይዘው መጡ፤ ንጉሡ የፈለጉት ግን መድፍ ነበር።

የ1966ቷ ምሽት

የዛሬውን ጠብ ለመረዳት ወደ ኦክቶበር 18 ቀን 1966 መመለስ ይሻላል። ቦታው ለንደን፣ ዌስትሚኒስተር ሴንትራል ሆል። የወንጌላውያን ጉባኤ ነው። ተናጋሪው ማርቲን ሎይድ ጆንስ ናቸው፤ ዌልሳዊ፣ ሐኪምነታቸውን ትተው ሰባኪ የሆኑ፣ በዘመኑ እንደሳቸው የሚሰማ ሰባኪ ጥቂት የነበረ። ያን ማታ ያሉት ነገር ግልጽ ነበር። እናንተ ወንጌላውያን በየቤተ ክርስቲያኑ ተበታትናችሁ፣ መሠረታዊውን እምነት ከሚክዱ ሰዎች ጋር ለምን አብራችሁ ትቀመጣላችሁ? ኑና አንድ ላይ እንሁን።

ስብሰባውን ይመሩ የነበሩት የኦል ሶልስ ላንግሃም ፕሌስ አስተዳዳሪ ጆን ስቶት ናቸው። ሊቀ መንበር ንግግር ሲያልቅ አመስግኖ መዝጊያ ጸሎት ያሳርጋል። ስቶት ግን ተነሡና እዚያው ተቃወሙ። ታሪክም መጽሐፍ ቅዱስም ከዚህ ሐሳብ ጋር አይደሉም፤ ታማኝ ሆኖ የሚቀረው ወገን ሁልጊዜ የነበረው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንጂ ውጭ አይደለም አሉ። አዳራሹ ደነገጠ። ስቶት ኋላ ሄደው ሎይድ ጆንስን ይቅርታ ጠይቀዋል። ይቅርታው ግን የሊቀ መንበርን ወንበር ለዚያ ስለተጠቀሙበት ብቻ ነበር፤ ሐሳባቸውን አልቀየሩም።

በዓመቱ፣ በኤፕሪል 1967፣ አንድ ሺህ ያህል የአንግሊካን ወንጌላውያን ኪል ዩኒቨርሲቲ ተሰበሰቡ። እንቆያለን አሉ። መቆየት ብቻም አይደለም፤ ከእንግዲህ በራሳችን ክፍል ተዘግተን አንቀመጥም፣ በሲኖዶሱም በኅብረተሰቡም ጉዳይ እንገባለን አሉ። እስከዚያ ድረስ የእንግሊዝ ወንጌላዊ ሲኒማ ይፈራ ነበር፣ ፖለቲካ ይፈራ ነበር። «ዓለማዊ» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ያለው ክብደት እነሱ ዘንድም ነበረው።

ስቶት ለዚህ መግባት አንድ ስም ሰጡት፤ ድርብ መስማት። አንደኛው ጆሮ ቃሉን ይሰማል፣ ሁለተኛው ዓለምን። ቃሉን የምንሰማው ልንታዘዘው ነው። ዓለምን የምንሰማው ደግሞ ጥያቄው፣ ቁጣውና ለቅሶው እንዲገባን ነው። ሁለቱ መስማቶች እኩል አይደሉም፤ ይህን ስቶት ደጋግመው ይናገሩ ነበር። በ1982 ለንደን ውስጥ የዘመናዊ ክርስትና ተቋም የመሠረቱትም ምእመናን በየሥራ ቦታቸው በሁለቱም ጆሮ መስማት እንዲለምዱ ነው።

ከዚያ በፊት በ1974 ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ላይ የዓለም ወንጌላውያን ሲሰበሰቡ፣ የቃል ኪዳኑን ሰነድ ያረቀቀውን ቡድን የመሩት ስቶት ናቸው። ወንጌል መስበክና ለማኅበራዊ ፍትሕ መቆም ሁለቱም የክርስቲያን ግዴታ ናቸው የሚለው አንቀጽ እዚያ ገባ። እዚህ ላይ ትንሽ ልመጻደቅና፣ ከሎዛን ሁለት ዓመት ቀድማ፣ በ1972፣ መካነ ኢየሱስ በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዘመን ለውጭ አጋሮቿ ደብዳቤ ጽፋለች። እናንተ ምዕራባውያን ለልማት ገንዘብ ትሰጣላችሁ፣ ለስብከት ግን ትከለክላላችሁ፤ ሰው ግን ሥጋና ነፍስ ተብሎ አይከፈልም የሚል ነበር መንፈሱ። ስለ ሎዛን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

እራት በልቶ ማመን

የድርብ መስማት ትልቁ የእንግሊዝ ውጤት ምናልባት አልፋ ነው። ሆሊ ትሪኒቲ ብሮምፕተን በለንደን ሀብታሞች ሰፈር ያለች አጥቢያ ናት። በ1977 ለአዲስ አማኞች አጭር ትምህርት ጀመረች። በ1990 ኒኪ ገምበል የተባሉ፣ ከጥብቅና ወደ ቅስና የመጡ ሰው ተረከቡትና አንድ ነገር አስተዋሉ። የማያምኑ ሰዎችም መምጣት ጀምረዋል! ስለዚህ ትምህርቱን ለነሱ ገለበጡት። ማታ ትመጣለህ። መጀመሪያ እራት አለ። ቀጥሎ አጭር ንግግር። ከዚያ በትንሽ ቡድን ተቀምጠህ የፈለግኸውን ትጠይቃለህ፤ «እኔ እንዲያውም እግዚአብሔር የለም ነው የምለው» ብትልም የሚቆጣህ የለም።

ሲያዩት ቀላል ነው። ማዕድ ላይ ነገር መጫወት ለሐበሻ አዲስ አይደለም። ለለንደን ግን ተአምር ነበር፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በማይበላበት ከተማ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ማዕድ ዘረጋች። አልፋ ከአንግሊካን ወጥቶ ካቶሊኩም ጴንጤውም የሚጠቀምበት ሆነ። ከዚሁ አጥቢያ ነው በነዳጅ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ጀስቲን ዌልቢ ለቅስና የተነሡት። በ2013 ዌልቢ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ ወንጌላውያኑ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የመቆየት ውሳኔ ፍሬ አፈራ ብለው ደስ አላቸው። ዘመኑን የሚያውቅ፣ የራሳቸው ሰው፣ ከላይ ተቀመጠ።

ያልተሰማው ድምፅ

ዌልቢ እንዴት እንደወረዱ የሚታወቅ ነው። ወንጌላውያን ግን በደንብ የሚያወሩት አይመስለኝም።

በ1930ዎቹ ኤሪክ ናሽ የተባሉ ቄስ አንድ ሐሳብ ነበራቸው። እንግሊዝን የሚመሩት ከጥቂት ውድ ትምህርት ቤቶች የሚወጡ ልጆች ናቸው፤ እነሱን ብንይዝ አገሩን ያዝን ማለት ነው። ለነዚያ ልጆች ኢወርን የሚባል የክረምት ካምፕ ከፈቱ። ሐሳቡ ሠርቷል። ስቶት ራሳቸው በ1938፣ ተማሪ ሳሉ፣ በናሽ ስብከት ነው ያመኑት። ገምበልም ዌልቢም በዚያ ካምፕ አልፈዋል። ለብዙ ዓመታት የእንግሊዝ ወንጌላዊ አመራር ከዚያ ሜዳ ይወጣ ነበር።

ጆን ስማይዝ ጠበቃ ነው፤ ካምፑን የሚያስተዳድረው የአደራ ድርጅት ሰብሳቢ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ልጆቹን ከቤቱ ጓሮ ወዳለው መጋዘን እየወሰደ፣ ኃጢአታችሁን ላስተሰርይላችሁ እያለ፣ ደም እስኪወርዳቸው ይገርፋቸው ነበር። በ1982 የካምፑ መሪዎች በጽሑፍ አወቁ። ለፖሊስ አልነገሩም። ነገሩ ከወጣ የእግዚአብሔር ሥራ ይጎዳል አሉ። ሰውዬው ወደ ዚምባብዌ ሄደ፤ እዚያም ካምፕ ከፈተ። በ1992 አንድ የ16 ዓመት ልጅ እዚያ ካምፕ ውስጥ ሞተ። ስማይዝ በ2018 ሳይፈረድበት ሞተ። ኖቬምበር 2024 ላይ የወጣው የማኪን ሪፖርት፣ ዌልቢ በ2013 ከተነገራቸው በኋላ ጉዳዩ በሚገባ እንዳልተያዘ ገለጸ። ዌልቢ በቀናት ውስጥ ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ይህን ያነሣሁት ለማሳፈር አይደለም። ዓለምን እንሰማለን ሲሉ የሰሙት ዓለም የትኛው ነበር የሚለው ጥያቄ እዚህ ይጀምራል። ጋዜጣውን ሰሙ፣ ፓርላማውን ሰሙ፣ የዩኒቨርሲቲውን ጥርጣሬ ሰሙ። እጃቸው ሥር የሚያለቅሰውን ልጅ ግን አልሰሙም። ትልቅ ሰው ለመያዝ የተዘረጋ መረብ ትንሹን ልጅ አሾለከው።

ግማሹን ብቻ የሚነበብ ውሳኔ

ወደ ጾታው ጉዳይ እንምጣ። በ1998 የዓለም የአንግሊካን ጳጳሳት ላምቤዝ በሚባለው ጉባኤያቸው አንድ ውሳኔ አሳለፉ። ቁጥሩ 1.10 ነው። 526 ደገፉ፣ 70 ተቃወሙ፣ 45 ድምፅ አልሰጡም። ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል የዕድሜ ልክ ነው፤ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይስማማም አለ። ወንጌላውያን ይህን ክፍል በቃላቸው ያውቁታል። በዚያው ውሳኔ ውስጥ ሌላም አለ። የእነዚህን ሰዎች ልምድ ለመስማት ቃል እንገባለን፤ ሁሉንም በእረኝነት እናገልግል፤ በእነሱ ላይ ያለውን ምክንያት የለሽ ፍርሃት እናወግዛለን ይላል። ይህኛውን በቃሉ የሚያውቅ ወንጌላዊ ብዙ አልገጠመኝም። ለዘብተኞቹ ደግሞ በተቃራኒው፣ ሁለተኛውን ይዘው የመጀመሪያውን ዘለሉት።

በ2003 የአሜሪካዋ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ከወንድ ጓደኛቸው ጋር የሚኖሩትን ጂን ሮቢንሰንን ጳጳስ አድርጋ ሾመች። በ2008 ጋፍኮን ኢየሩሳሌም ላይ ተወለደ። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ እዘለዋለሁ።

እንግሊዝ ላይ ቁርጡ የመጣው ፌብሩዋሪ 2023 ነው። ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የሚደረግ የቡራኬ ጸሎት ለሲኖዶሱ ቀረበ። ያቀረቡት የያኔዋ የለንደን ጳጳስ ሳራ ሙላሊ ነበሩ። ሲኖዶሱ በሦስት ምድብ ነው ድምፅ የሚሰጠው። ጳጳሳቱ 36 ለ4 ተቀበሉ። ካህናቱ 111 ለ85። ምእመናኑ 103 ለ92። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ልዩነቱ ሲጠብ ይታያል። ጸሎቶቹ በዲሴምበር 2023 በመደበኛ አገልግሎት ውስጥ መደረግ ጀመሩ። ጋብቻ አይደለም፤ የጋብቻ ትምህርታችን አልተለወጠም ብለዋል ጳጳሳቱ። እውነቱን ለመናገር ይህ መልስ ማንንም አላረካም። አንዱ ወገን «ታዲያ ለምን ትባርካላችሁ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ከባረካችሁ ለምን አታጋቡም?» ይላል።

የእንግሊዝ ወንጌላውያን ግን አሁንም አብዛኞቹ አልወጡም። ለሀገረ ስብከት የሚልኩትን ገንዘብ ወደ ሌላ ቋት ያዞሩ አጥቢያዎች አሉ። የራሳችን ጳጳስ ይሰጠን የሚሉ አሉ። የአልፋዋ ብሮምፕተን ሳትቀር ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆማለች፤ ለዘመኑ ቅርብ ናት የምትባለው አጥቢያ። ይህ ቆይቶ መታገል እስካሁን አንድ ነገር አስገኝቷል። በኦክቶበር 2025 ጳጳሳቱ ለቡራኬው ራሱን የቻለ ሥርዓት ለመፍቀድ በየምድቡ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል አሉ። ያን 103 ለ92 አስታውሱ።

ካንተርበሪ ሳይሆን ኪጋሊ

አፍሪካ ላይ መቆየት የሚለው ጥያቄ ሌላ መልክ አለው። በኤፕሪል 2023 ከ52 አገር የመጡ ከ1,300 በላይ የጋፍኮን ሰዎች ኪጋሊ ተሰብስበው በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ላይ እምነት የለንም አሉ። ዛሬ ብዙ አንግሊካን ያለው ናይጄሪያና ኡጋንዳ ነው። አንድ የናይጄሪያ ጳጳስ «የዘመኑ ባህል» ሲባል የሚታየው የለንደን ካፌ አይደለም። ጎረቤቱ ሙስሊም ነው። በሌላ በኩል የብልጽግና ሰባኪ ምእመኑን ይወስድበታል። ለንደን ቡራኬ በፈቀደች ማግስት ያ ጎረቤት «ቤተ ክርስቲያናችሁ እንዲህ ሆነች አሉ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም ዓለሙን እየሰማ ነው። ሁለተኛው ጆሮው ይሠራል፤ የሚሰማው ድምፅ ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ «ለንደን ለባህል ተሸነፈች፣ አፍሪካ ጸናች» የሚለው ተረት አይዋጥልኝም። አፍሪካም ባህል አላት፣ ባህሏም ይጫናታል። በ2023 ኡጋንዳ ለአንዳንድ ጉዳዮች እስከ ሞት የሚቀጣ ሕግ ስታወጣ፣ የአገሩ ሊቀ ጳጳስ ስቲቨን ካዚምባ የሞት ቅጣቱን ባይደግፉም ሕጉን በምስጋና ተቀበሉ። ዌልቢ ሐዘናቸውን ጽፈው ላኩላቸው። ያ የ1998 ውሳኔ ሁለተኛ ግማሽ ካምፓላ ላይ የት ገባ?

የሴት ጳጳስ ጉዳይም ሲነገር እንደሚሰማው ጥርት ያለ መስመር አይደለም። ምባንዳ በሙላሊ ላይ ካነሡት ተቃውሞ አንዱ ሴት መሆናቸው ነው። ደቡብ ሱዳን ግን በ2016፣ ጋፍኮን ውስጥ ያለችው ኬንያ ደግሞ በ2021 ሴት ጳጳስ ሾመዋል።

እኛስ? ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር ቀድሞ የታየው በሉተራኖቹ ነው። መካነ ኢየሱስ በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ሉተራኖች ጋር የነበራትን ግንኙነት በዚሁ ጉዳይ አቋረጠች። የሚስዮናዊው ልጅ አድጎ አባቱን ገሠጸ ያሉ ነበሩ። አንግሊካኖቹ በቁጥር ትንሽ ናቸው። አዲስ አበባ ቅዱስ ማቴዎስ አለ፤ ብዙው ሕዝብ ግን ጋምቤላ ነው። ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች እምነታቸውን ይዘው ገቡ፣ የመጠለያ ጣቢያው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ኑዌሩ በኑዌርኛ፣ አኙዋው በአኙዋክኛ ያመልካል። ሁለቱ ሕዝቦች ደግሞ በየጊዜው ደም ይቃባሉ። እዚያ ላለ ቄስ የዘመኑ ባህል ጥያቄ ማለት እሑድ ጠዋት ሁለቱን ከአንድ ጽዋ ማቋረብ ነው።

ከ2020 ጀምሮ እነዚህ ምእመናን የእስክንድርያ አውራጃ ቤተ ክርስቲያን አካል ናቸው፤ ሊቀ ጳጳሳቸው ሳሚ ፋውዚ ካይሮ ነው የሚቀመጡት። ጋምቤላ ያለው የሥነ መለኮት ኮሌጃቸው በቅዱስ ፍሬምናጦስ ስም ተሰይሟል፤ በእኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን። እሳቸውን በአራተኛው ክፍለ ዘመን ጵጵስና ሾሞ ወደ አክሱም የላካቸው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነበር። ኢትዮጵያ ጳጳስ ከእስክንድርያ መቀበል ያቆመችው ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ለንደንና ኪጋሊ ማን መሃል ነው እያሉ ሲከራከሩ፣ የጋምቤላ አንግሊካን ደብዳቤ እንደ ድሮው ከግብፅ ይመጣለታል።